ለሚበሳ የሰውነት ክፍል የሚሆን የጌጥ ብረታ ብረት አመራረጥ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአንጋጫ ከተሞች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ የሴት ልጅን ጆሮ በሕፃንነቷ መብሳት የቆየ ልማድ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በትላልቅ ከተሞች በሚገኙ ወጣቶች ዘንድ አፍንጫንና እምብርትን ተበስቶ ማጌጥ መታየት ጀምሯል። ከሀዲያና ከከምባታ ዞኖች በርካታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ዓረብ አገሮች የሚጓዙ እንደመሆናቸው ለቤተሰብ የሚላከው ጌጥም ዓይነቱ ልዩ ልዩ ነው። ገዢውም ሆነ ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው መልኩንና ዋጋውን ሲሆን ከምን እንደተሠራ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

የተበሳ ቦታ እስኪድን ድረስ ክፍት ቁስል ነው። በዚህ ቁስል ውስጥ የሚቀመጥ ብረት ከላብና ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚገናኝ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ወደ ሰውነት ይገባል። በዚህ ረገድ ቀዳሚው ችግር ፈጣሪ ኒኬል ነው። ኒኬል በርካሽ ጉትቻዎች ውስጥና ከወርቅ ቅብ ሥር በብዛት ይገኛል። ሰውነት አንድ ጊዜ ኒኬልን መቆጣት ከጀመረ ቁጣው በአመዛኙ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። በሕፃንነቷ በጉትቻ ምክንያት የተቆጣ ቆዳ ያላት ሴት ካደገች በኋላ በሰዓት ማሰሪያ፣ በቀበቶ ዘለበትና በሱሪ ቁልፍ ሳይቀር የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣባት ይችላል።

ዴንማርክ በ1990 እ.ኤ.አ. ከጌጣጌጥ የሚለቀቀውን የኒኬል መጠን በሕግ ስትገድብ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ1994 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማሻሻያ መሠረት በተበሳ ቦታ የሚገባ ጌጥ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽታው ከ0.2 ማይክሮ ግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ተወስኗል። ከሕጉ በኋላ ጆሮአቸውን በተበሱ የዴንማርክ ወጣት ሴቶች ዘንድ የኒኬል ቁጣ መቀነሱ ተረጋግጧል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ የሚለካው በጌጡ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ከጌጡ የሚወጣውን ኒኬል መሆኑ ነው።

ለአዲስ ቁስል ተመራጩ ታይታኒየም ነው። ቀላል ከመሆኑም በላይ አይዝግም፤ ለአጥንት መጠገኛም ያገለግላል። ኒዮቢየምም እንዲሁ ተስማሚ ነው። ችግሩ ሁለቱም በአገራችን ገበያ እንደ ልብ አለመገኘታቸው ነው። 316ኤል የተሰኘው የማይዝግ ብረት ከ10 በመቶ በላይ ኒኬል ቢኖረውም አጥብቆ ስለሚይዘው የሚለቀው እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ቆዳዋ ኒኬልን እንደሚቆጣ የምታውቅ ሴት ብትተወው ይመረጣል።

ወርቅን በሚመለከት ካራቱ ብቻውን በቂ መረጃ አይሰጥም። 18 ካራት ማለት 75 በመቶው ወርቅ ነው ማለት ሲሆን፣ 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ አለው። ጥያቄው ቀሪው ምንድን ነው የሚለው ነው። ቢጫ ወርቅ ብዙውን ጊዜ ከብርና ከመዳብ ጋር ይደባለቃል፤ ነጭ ወርቅ ግን ኒኬል ሊኖረው ይችላል። በወርቅ የተቀባ ጌጥ ቅቡ ሲላጥ ከሥር ያለው ብረት በቀጥታ ከቁስሉ ጋር ይገናኛልና ለአዲስ ብስ አይሆንም።

ከአያት የወረደ የብር ጉትቻ በብዙ ቤት ይገኛል። አብዛኛው የአገራችን ጥንታዊ የብር ጌጥ በአንጥረኞች እጅ የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር በማቅለጥ የተሠራ ነው። ጠገራው 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን 83.3 በመቶው ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። እንዲህ ያለው ጌጥ ለዳነ ጆሮ መልካም ቢሆንም ብርም መዳብም በቁስል ውስጥ ስለሚጠቁሩ ለአዲስ ብስ አይመከርም። በገበያ «የጀርመን ብር» እየተባለ የሚጠራው ደግሞ ስሙ እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው።

ማግኔት የሚስበው ጉትቻ መጥፎ፣ የማይስበው ጥሩ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ ትክክል አይደለም፤ የጀርመን ብር ኒኬል ቢሞላበትም ማግኔት አይስበውም። የወርቅ ቤት የአሲድ ምርመራም ካራትን ለመገመት እንጂ ኒኬልን ለመለየት አያስችልም። አስተማማኙ ቀላል ዘዴ ዳይሜቲልግላዮክሲም የተባለው ኬሚካል ነው። በአሞኒያ ታግዞ በጥጥ ጌጡ ሲታሽበት፣ ጥጡ ወደ ሮዝ ቀለም ከተለወጠ ኒኬል እየወጣ ነው ማለት ነው።

በሕፃናት ጌጥ ላይ እርሳስም ያሰጋል። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት አንድ የ4 ዓመት ሕፃን 99 በመቶ እርሳስ የሆነ ትንሽ ጌጥ ውጦ ሕይወቱ አልፏል።

የጆሮ ለስላሳው ክፍል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚድን ሲሆን እምብርት ግን ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ቦታው እጥፋት ያለበት፣ ላብ የሚያቁርና በቀበቶ የሚታሽ በመሆኑ የተሳሳተ ብረት የሚያስከትለው ጉዳት ከጆሮው ይልቅ ይረዝማል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሆዷ ሲገፋ ጌጡን ማውለቅ ይኖርባታል።

ብረቱ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን መርፌው ንጹሕ ካልሆነ ትርፉ ሕመም ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም መርፌን በአልኮል መጥረግ ወይም በእሳት ነበልባል ማሳየት በቂ አይደለም፤ ለአንድ ሰው አንድ አዲስ መርፌ፣ ለጌጡም በ121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንፋሎት ማምከን ያስፈልጋል። የውበት ሳሎኖችን የሚቆጣጠሩ የከተማ ጤናና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎች በጉብኝታቸው ወቅት ያገለገለ መርፌ የት እንደሚጣልና ማምከኛው በትክክል እንደሚሠራ ቢመለከቱ፣ ከመዝገብ ምርመራ የበለጠ ፍሬ ያገኛሉ።

የተበሳው ቦታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠነኛ መቅላትና ነጣ ያለ ፈሳሽ ማሳየቱ የተለመደ ነው። ማሳከክና ጥቃቅን ሽፍታ ከተከተለ ብረቱን መጠርጠር ይገባል፤ ትኩሳት፣ መግልና እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ካለ ግን በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። መግል በያዘ ቦታ ላይ ጌጡን በራስ ፈቃድ መንቀል ቀዳዳው ከላይ ተዘግቶ መግሉ ውስጥ እንዲቀር ስለሚያደርግ ውሳኔው ለጤና ባለሙያው ይተዋል።