ከ500 ወረቀት ላይ የደረሱት

አንዳንዶቻችሁ የራሳችሁን መጽሐፍ ለማሳተም ታስባላችሁ። አንዱ መዝሙር ይሰበስባል፤ ሌላዋ ከአያቷ የሰማችውን ተረት መጻፍ ትፈልጋለች። ሐሳባችሁን ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከማቅረባችሁ በፊት የአንዲትን ተማሪ ታሪክ ስሙ።

አስቴር ጋኖ ከካፋ ብዙም በማይርቀው በሊሙ እናርያ በባርነት የኖረች ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ልትሸጥ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙት፤ ነጻም ወጣች። ከዚያም በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች።

በዚያ ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ነበር። እርሱም በሕፃንነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፣ በ1870 በምፅዋ ነጻ የወጣ ሰው ነው። ከአገሩ የወጣው ገና ልጅ ሳለ ስለነበር ቃላት ያጥሩት ነበር። የአስቴርን የቋንቋ ስጦታ ሲያይ የኦሮምኛ ቃላት የመሰብሰቡ ሥራ ለእርሷ ተሰጠ። ስብስቧ በ1893 የታተመውን የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ለማቃናት ረዳ።

በዚህ አላበቃችም። ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን፣ 500 ያህል፣ ከትዝታዋ ጻፈች። ከእነዚህ 79ኙ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ።

እስቲ ልብ በሉ። ይህች ልጅ ከቤተሰቧ ተለይታ፣ ቤት ንብረት ሳይኖራት፣ የቀራት ሀብት የሰማችው ቃል ብቻ ነበር። እርሱን ጻፈችው። ከ500ው የሚበልጠው እጅ ወደዚያ መጽሐፍ አልገባም፤ ይሁን እንጂ 500ው ባይጻፍ ኖሮ 79ኙ ከየት ይመጡ ነበር?

የእኛስ ቋንቋ? በ1888 ሊዮ ራይኒሽ የተባለ ሊቅ ስለ ካፊኖኖ በጀርመንኛ የጻፈውን መጽሐፍ በቪየና አሳተመ። ለምሁራን ትልቅ ሥራ ነው። ዋጫ ላይ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ግን አያነበውም። የአስቴር መጽሐፍ ማን እንደሚያነበው ገና ሲዘጋጅ የታወቀ ነበር፤ አንባቢው ማንበብ የሚጀምር ሰው ነው።

ስለዚህ ወደ ሽማግሌዎች ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «ብር ብናገኝ እንጽፋለን» ከማለት ይልቅ የጻፋችሁትን ይዛችሁ ቅረቡ። ማን እንደሚያነበው፣ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ማን እንዳረመው ንገሯቸው። ገንዘቡ ቢዘገይ እንኳ የተጻፈው ይቆያል። የአያቶቻችን ቃል ግን አይጠብቀንም፤ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ይቀበራል።

አስቴር በ1904 ወደ ወለጋ መጥታ በነቀምቴ መምህርት ሆነች። እናንተም ዛሬ ማታ ደብተር ይዛችሁ ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡ።