ስለ ጅማ ሸክላና ስለ አፈሩ ምስክርነት

የጅማ ታሪክ ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው የንጉሡና የቡናው ስም ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ዓመት ድረስ በጅሬን ተቀምጠው ሲገዙ፥ የሕርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ይሰበስብ ነበረ። ይህም ሁሉ ተጽፎልናል። ነገር ግን ቡናው የፈላበትን ጀበና፥ ውሃው የተቀዳበትን እንስራ የሠሩት ሰዎች ስማቸው ከዕቃው ጋራ አልደረሰንም።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሸክላ ሠሪ ቡዳ እየተባለ ጋብቻም ርስትም ይከለከል ነበረ። ሰው በሠራችው ጀበና ቡናውን እየጠጣ፥ የሠራችውን እጅ ግን ይሸሽ ነበረ።

እንግዲህ ጸሐፊ የተወውን ማን ይናገረዋል ቢባል፥ ጭቃው ራሱ ይናገረዋል። ሸክላ ቢሰበርም ገሉ አይበሰብስም። በአፈሩም ውስጥ ከብረትና ከካልሲየም ሌላ፥ እንደ ስካንዲየምና እንደ ላንታነም ያሉ ከሚሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ብቻ የሚሆኑ ንጥረ ነገሮች አሉ። መጠናቸውም ከአንዱ አገር አፈር ወደ ሌላው ይለያያል። መርማሪው ከገሉ ጥቂት ዱቄት ወስዶ ኒውትሮን ወይም ኤክስሬይ ያሳርፍበታል፤ ከዚያም የሚወጣውን ጨረር ለክቶ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን ያውቃል። የጅማን ጀበና ቅርጽ የሌላ አገር ሴት አይታ ልታስመስለው ትችላለች፤ አፈሩን ግን ልታስመስለው አትችልም። በቅኔ ቤት አነጋገር፥ ቅርጹ ሰም፥ አፈሩ ወርቅ ነው።

የዚህም ዓይነት ምርመራ ፍሬ በአገራችን ታይቷል። በአክሱም፥ በመጠራና በአዱሊስ ፍርስራሽ ውስጥ ረዣዥም ባለ ሁለት ጆሮ ማሰሮዎች ተገኝተዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በዮርዳኖስ አገር ጥንት አይላ በተባለችው በዐቃባ የሸክላ ምድጃዎች ተቆፍረው ሲወጡ፥ የማሰሮዎቹ ጭቃና መልክ ከዚያው ጋራ ገጠመ። በዚህም ገሉ የቀይ ባሕርን መርከብ መንገድ መሰከረ።

ነገር ግን ምርመራው ብቻውን አይበቃም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን ታጥባለች፤ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትጨምርበታለች፤ ስለዚህ የዕቃው ጭቃ ከጉድጓዱ አፈር ጥቂት ይለወጣል። ደግሞም ገሉን ከምን ጋራ እናስተያየው? መነሻው የታወቀ አፈር ከሌለ፥ ገሉ ተርጓሚ እንዳጣ እንግዳ ይሆናል። በልዩ ልዩ አገር ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች መርምሮ በ1985 የታተመ አንድ ጥናት፥ ከመቶው 84ቱ ጭቃቸውን የሚያመጡት ከ7 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ እንደ ሆነ አስረድቷል። እንግዲያስ የአጋሮ፥ የሊሙ፥ የጌራና የሰቃ ጉድጓዶች አፈር ከየስፍራው ቢሰበሰብ፥ በጅሬን ግቢ የሚገኝ ገል ከወዴት እንደ መጣ ለመጠየቅ ይቻላል። የቤተ መንግሥቱን ቡና ያፈላው የየትኛው መንደር እጅ እንደ ሆነ ይገለጣል።

ይህ ሥራ ግን ቀን አይጠብቅም። ብረት ድስትና ላስቲክ ጄሪካን በየቤቱ ገብቷል፤ ጉድጓዱን የምታውቀው አሮጊት ካለፈች ጉድጓዱን የሚያሳይ አይገኝም። ስለዚህ አፈሩን ለመቅዳት የሚሄድ ሁሉ፥ ከጉድጓዱ ስም አጠገብ፥ ፈቃዷን ጠይቆ፥ የሠሪዪቱን ስም ይጻፍ። አባቶቻችን ያልጻፉላትን እኛ ደግመን አንተውባት።