ህብለ ሰረሰር፦ በጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ገመድ

«ስፓይናል ኮርዱ ተነክቷል።» ይህን ከሐኪም አፍ የሰማ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚረዳው «ጀርባው ተሰብሯል» ብሎ ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። አከርካሪ አጥንት ነው፤ ስፓይናል ኮርድ ደግሞ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደው ለስላሳ የነርቭ አካል ነው። አማርኛው ህብለ ሰረሰር ይለዋል። «ህብል» ከግዕዙ «ሐብል» የመጣ ሲሆን ገመድ ማለት ነው፤ «ሰረሰር» ደግሞ የጀርባ አጥንት ተርታ። ቃሉ በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሰው አፍ ግን ገና በደንብ አልደረሰም። በሻኪሶ መንደሮች በኦሮምኛ «ላፌ ዱግዳ» ሲባልም የሚታሰበው አጥንቱ ነው፤ በውስጡ ያለውን ገመድ የሚያስብ ጥቂት ነው።

ቃሉ በሻኪሶ እንዲለመድ የምመኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሻኪሶ በጉጂ ዞን የምትገኝ የወርቅ ከተማ ናት። የለገደንቢው ትልቅ የወርቅ ማዕድን ከአጠገቧ ነው፤ በዙሪያዋ ባሉት ወንዞችና ኮረብታዎች ደግሞ በዶማና በአካፋ ጉድጓድ እየማሱ፣ አፈሩን በገበቴ እያጠቡ የሚኖሩ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች አሉ። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ ቆፋሪው የሚሠራው ጎንበስ ብሎ ነው። ዝናብ ያራሰው ግድግዳ የተናደ እንደሆነ የአፈሩ ክብደት የሚያርፈው በታጠፈ ጀርባና በታጠፈ አንገት ላይ ነው። የታጠፈ አከርካሪ ከላይ ሲጫኑት ከፊት በኩል ይደቅቃል፤ ስባሪውም ወደ ኋላ ተገፍቶ ቦዩን ሊያጠብ ይችላል። ገመዱ ያለው እዚያ ቦይ ውስጥ ነው።

ህብለ ሰረሰር ውፍረቱ ከትንሿ ጣት አይበልጥም። ርዝመቱ በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ 35 ግራም ይጠጋል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ከአንገት በታች ያለውን እንቅስቃሴና ስሜት ከሞላ ጎደል ይሸከማል። ከጎንና ከጎኑ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጡለታል፦ 8 ከአንገት፣ 12 ከደረት፣ 5 ከወገብ፣ 5 ከዳሌ፣ 1 ከጭራ አጥንት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ገመዱ እስከ አከርካሪው ጫፍ አይወርድም፤ በአዋቂ ሰው ከወገብ የመጀመሪያና ሁለተኛ አጥንቶች አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ቦዩን የሚሞሉት ወደ እግርና ወደ ፊኛ የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው። ሐኪም ከጀርባ ፈሳሽ በመርፌ ሲቀዳ ከወገብ ዝቅ ብሎ የሚወጋውም ለዚሁ ነው፤ እዚያ ገመዱ የለም። «ከጀርባ ፈሳሽ ከተቀዳ ሽባ ያደርጋል» ብለው ለማጅራት ገትር ምርመራ እምቢ የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

የገመዱ የላይኛው ጫፍ የተያያዘው ከአንጎል ጋር ነው። አንጎል በአዋቂ ሰው 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉ ቢሆንም ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ያመዛዝናል፣ ያቅዳል፤ ከማጅራት በላይ ያለው ያያል፤ በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ይሰማል፣ ያስታውሳል። ከኋላ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ንዑስ አንጎል ሚዛን ይጠብቃል። የአንጎል ግንድ ደግሞ ሳናስበው የምንተነፍስበትና የልባችን ምት የሚስተካከልበት ሥርዓት መቀመጫ ነው። ከአንጎል የሚወርደው የእንቅስቃሴ ትእዛዝ እዚያው ግንዱ ግርጌ ላይ አብዛኛው ይሻገራል፤ የግራው አንጎል ቀኝ እጅን፣ የቀኙ ግራ እጅን የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ህብለ ሰረሰር ታዲያ ትእዛዝ አስተላላፊ ብቻ አይደለም። የጋለ ምጣድ የነካ እጅ ወደ ኋላ የሚሸሸው አንጎል ሕመሙን ከማወቁ በፊት ነው፤ ውሳኔው የተሰጠው እዚያው ገመዱ ውስጥ ነው።

ጉዳት ሲደርስ ወሳኙ ነገር ከፍታው ነው። በደረት ወይም ከዚያ በታች የተጎዳ ሰው የእግሩን እንቅስቃሴ ሊያጣ ይችላል፤ እጁ ግን ይተርፋል። በአንገት ላይ የተጎዳ እጁንም እግሩንም ሊያጣ ይችላል። ከአራተኛው የአንገት አጥንት በላይ ከሆነ ወደ ድያፍራም፣ ማለትም ወደ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚሄደው ነርቭ ስለሚቋረጥ ትንፋሽ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በማንኛውም ከፍታ ቢሆን ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ ሐኪሙን «ይድናል?» ብሎ ከመጠየቅ አስቀድሞ «የተጎዳው አጥንቱ ብቻ ነው ወይስ ህብለ ሰረሰሩም? ከየት ቦታ በታች? ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል ወይስ በከፊል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙ ነገር ይገልጥለታል።

በዚህ ጉዳት የምናውቀው ታላቅ ኢትዮጵያዊ አበበ ቢቂላ ነው። በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ሻምበል አበበ መጋቢት 1961 ዓ.ም. ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። መጀመሪያ ላይ እጁም እግሩም አልታዘዝ ብሎት ነበር። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ፤ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። አበበ የታከመበት ሆስፒታል የፓራሊምፒክ መነሻ ነው። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 ሥራ ሲጀምሩ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ አይቆይም ተብሎ ይታመን ነበር። የሚገድለው ግን በአብዛኛው ገመዱ መጎዳቱ አልነበረም፤ የመኝታ ቁስልና የሽንት መስመር ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ሕሙማኑን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ አስለመዱ፤ ውድ መሣሪያ የማይጠይቀው ይህ ሥራ የብዙዎችን ዕድሜ አስረዘመ። ሻኪሶ ውስጥ በየትኛውም ቤት ሊደረግ ይችላል። ስሜት በሌለው እግር አጠገብ የእሳት ፍምና የጋለ ነገር አለማስቀመጥም እንዲሁ፤ ሰውየው ሲቃጠል አያውቀውም።

የእጅ ወይም የእግር ነርቭ ቢቆረጥ ቀስ ብሎ ሊያድግ ይችላል፤ የህብለ ሰረሰር ሴሎች ግን እንዲህ አያገግሙም። ነገር ግን በናዳ የወደቀ ሰው ሁሉ ገመዱ ተበጥሷል ማለት አይደለም። አጥንቱ ተሰብሮ ገመዱ ደህና የሆነ ብዙ አለ። የዚህን ሰው ዕጣ የሚወስነው ከጉድጓዱ አፍ እስከ ሐኪም ቤት ያለው መንገድ ነው። በብብቱ ይዞ ማውጣት፣ ውኃ ለማጠጣት ቀና ማድረግ፣ ባጃጅ ላይ አጣጥፎ መጫን፣ ሁሉም ከርኅራኄ የሚመጣ ነው፤ ላላ ያለውን ስባሪ ግን ወደ ገመዱ ሊያስገባው ይችላል። የመጀመሪያው ጉዳት የናዳው ነው፤ ሁለተኛውን የምንጨምረው እኛ ነን። ይህን ሁለተኛውን ደራቢ ጉዳት ብንለው ይገልጸዋል። እብጠትና የደም እጥረት በራሳቸውም ይደርቡበታልና ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱ ግን ጥንቃቄን የሚያስጥል መሆን የለበትም።

በመጀመሪያ ጉድጓዱ ዳግም እንደማይናድ ይረጋገጥ። ከአፉና ከአፍንጫው አፈር ይጠረግ፤ ትንፋሽ ከሁሉም ይቀድማል። ከዚያ አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ እንዳይነቃነቅ ይያዝ። ሌሎች ሦስት ወይም አራት ሰዎች ትከሻውን፣ ወገቡንና እግሩን ይዘው፣ ራሱን በያዘው ሰው ትእዛዝ፣ እኩል አንድ ላይ ወደ ጎኑ አዙረው በጀርባው ሳንቃ ላይ ያሳርፉት። አንገቱ ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ጨርቅ ይደገፍ፤ ሰውነቱም ከሳንቃው ጋር ይታሰር። የእግሩን ጣት ያንቀሳቅስ እንደሆነ ይጠየቅ፤ መልሱ ለሐኪሙ ይነገር። ራሱን የሳተ ከሆነ ህብለ ሰረሰሩ እንደተጎዳ ተቆጥሮ ይያዝ። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ ያየ ሁሉ ጀርባንም እንዲያሽ ይመኛል፤ አከርካሪ ግን ፈጽሞ መታሸትም መጎተትም የለበትም።

ገመዱ በአደጋ ብቻም አይጎዳም። የአከርካሪ ቲቢ አጥንቱን ቀስ በቀስ ይበላና ጀርባን ያጎብጣል፣ ገመዱንም ይጫናል። ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር ሲመጣ፣ ይልቁንም እግር መስነፍ ሲጀምር፣ ምርመራው በአፋጣኝ መደረግ አለበት። መድኃኒቱ በሀገራችን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ የተጀመረለት ሰው ብዙውን ጊዜ እግሩን ያተርፋል።

የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሻኪሶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚህ ርቀት ለአንድ ቆፋሪ ጀርባ የመጀመሪያው ሐኪም አብሮት የሚቆፍረው ጓደኛው ነው። ስለዚህ የሻኪሶና የጎረቤቷ የአዶላ ወርቅ አምራች ማኅበራት በየጉድጓዱ አፍ አንድ የሰው ቁመት ያለው ሳንቃና ማሰሪያ ጨርቅ ያስቀምጡ፤ አባሎቻቸውም ሰው ሳይጎዳ በፊት፣ ደህና ሰው ሳንቃው ላይ አስተኝተው፣ አነሳሱን ይለማመዱት።