የስልክ ካሜራ በአምቡሊ ፀሐይ ሲመዘን

አምቡሊ በጅቡቲ ከተማ የሚገኝ ሠፈር ሲሆን የአገሪቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ይጠራል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት በተደጋጋሚ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ይነፍሳል፤ ከባሕሩ የሚመጣው አየር ደግሞ ጨውና እርጥበት አለው። ብዙ አገልግሎት የተሸከመ፣ ጠንካራ ካሜራ ያለው የንክኪ ስልክ እውነተኛ ፈተናውን የሚቀመጠው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ከቤተሰቡ ርቆ ለሚኖርና ለአንድ ስልክ የወራት ቁጠባውን ለሚያወጣ ሰው፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ሜጋ ፒክስል ምን ይነግረናል?

ከፍተኛ የሜጋ ፒክስል ቁጥር የግድ የተሻለ ፎቶ ማለት አይደለም። ሳምሰንግ በአውሮፓውያኑ 2020 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ20 አልትራ ባለ 108 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ነበረው። ሆኖም በተለመደው አሠራሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ፒክስሎችን እያጣመረ የሚያወጣው ባለ 12 ሜጋ ፒክስል ምስል ነው። ይህን የሚያደርገው በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የሴንሰሩ ስፋት፣ የሌንሱ ቀዳዳ እና የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው መሣሪያ ይበልጥ ሊታዩ ይገባል። በርካሽ ስልኮች ጀርባ ከሚደረደሩት ሌንሶች አንዳንዶቹ ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ብቻ በመሆናቸው ጥቅማቸው አነስተኛ ነው።

የቆዳ ቀለምና ኃይለኛ ብርሃን

በቀትር ፀሐይ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመን ሰው ሲያነሱ፣ ደካማ ካሜራ ወይ ፊቱን ያጠቁራል፤ ወይ ግድግዳውን አንጸባርቆ ያጠፋዋል። ጠይምና ጥቁር ቆዳን በትክክል ማሳየት ለረጅም ጊዜ የካሜራ አምራቾች ድክመት ሆኖ ቆይቷል። በ2011 በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም የጀመረው የቻይናው ትራንሽን በቴክኖ ስልኮቹ ገበያ ካገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ካሜራውን ለአፍሪካውያን የቆዳ ቀለም ማስተካከሉ ነው። ጉግልም በ2021 በፒክስል 6 ስልኩ ለዚሁ ችግር መፍትሔ ያለውን አሠራር አስተዋውቋል። ገዢው ይህን በቀላሉ መፈተን ይችላል፦ አንድን ሰው በሱቁ በር ላይ ብርሃኑ ከጀርባው ሆኖ ያንሳው፤ ከዚያም የሰውየው ፊትና ከውጭ ያለው መንገድ አንድ ላይ በግልጽ መታየታቸውን ያስተውል።

የሙቀቱ ፈተና

አፕል አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲሠራበት ይመክራል። ስልኩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ የስክሪኑ ብርሃን ይቀንሳል፤ ባትሪው መሞላቱን ያዘገያል ወይም ያቆማል፤ የካሜራው ፍላሽም ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ በዘላቂነት ያሳጥራል። ቪዲዮ መቅረጽና በፍጥነት ቻርጅ ማድረግ ሙቀቱን ስለሚያብሱት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይመከርም። የላብ ጠብታም የጣትን ንክኪ ስለሚያምታታ፣ ስክሪኑን በእርጥብ እጅ መሞከር ጠቃሚ ነው።

አቧራና ውኃ

አይፒ68 በሚለው ምልክት 6 ቁጥር አቧራ አለማስገባቱን፣ 8 ቁጥር ደግሞ አምራቹ በገለጸው ጥልቀትና ጊዜ ውኃ መቋቋሙን ያመለክታል። ፈተናው የሚካሄደው በንጹሕ ውኃ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ለባሕር ጨዋማ ውኃ ዋስትና አይሆንም፤ የስልኩ መከላከያም ከጊዜ ብዛት ይዳከማል።

ኔትወርክና ሲም ካርድ

በጅቡቲ የሞባይል አገልግሎት የሚሰጠው ጅቡቲ ቴሌኮም ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮምና በ2022 ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም አሉ። ድንበር ለሚሻገር ሰው ባለ ሁለት ሲም ስልክ ይመቻል። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ስልክ ግን በአንድ ኦፕሬተር የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ከአይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች ደግሞ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። እንዲህ ያለውን ስልክ ከመቀበል በፊት የሚጠቀሙበት ኦፕሬተር ኢሲም መስጠቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም *#06# ሲደወል የሚወጣው መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉ ይታይ። ከዚያ ስልኩ ከጥላ ወደ ፀሐይ ወጥቶ ይፈተን፦ ስክሪኑ ይነበባል? ጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ሲቀረጽበት ያቋርጣል? የሰው ፊትስ እንደ መልኩ ይወጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ የሚሰጥ መካከለኛ ስልክ፣ በጥላ ሥር ብቻ ከሚያምር ውድ ስልክ ይልቅ ለአምቡሊ ነዋሪ ይጠቅማል።