የቁመት ክታብ
ብራና፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም

ብራናው ተቀጣጥሎ የተሰፋው በባለቤቷ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ጥበቃው እንዳይጎድል። ደብተራው የጻፈው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት አስፈሪ አጭር ታሪክ ይዟል፦ ጨቅላ ይሞታል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ሱስንዮስ ፈረሱን ጭኖ ገዳይዋን ውርዝልያን ፍለጋ ይወጣል፣ በጦርም ይወጋታል። ሾተላይ የምትፈራ ሴት ይህን ታሪክ በቆዳ ማኅደር አስከትታ አንገቷ ላይ ታስረዋለች፤ የክርስትና ስሟም በጸሎቱ መካከል ይገባል።

ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቀይ ሞት ታሪክ፣ ልዑሉና መኳንንቱ ወረርሽኙን ሽሽት በር ቆልፈው ይቀመጣሉ፤ ሞት ግን ጭምብል አጥልቆ ይገባል። የክታቡ ሠዓሊ በአንጻሩ ከመሸሽ ይልቅ ፍርሃትን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። አፍጥጠው የሚያዩን እነዚህ ግሩም ዓይኖች የተሣሉት ክፉውን መንፈስ እያዩ እንዲያባርሩት ነው። በብዙ ክታቦች ላይ ግን በጸሎቱ መካከል የገባው የመጀመሪያዋ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል።