አክሲዮንና ሐዲድ፤ የካፒታል ሁለት ትርጉሞች በምድር ባቡር ታሪክ

«ካፒታል» የሚለው ቃል በሒሳብ ሹምና በመሐንዲስ ዘንድ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ለሒሳብ ሹሙ፣ የአክሲዮን ካፒታል ማለት ባለአክሲዮኖች ለማኅበሩ ሊያዋጡ የተዋዋሉትና በመዝገብ የሰፈረ ገንዘብ ነው። የኢኮኖሚ ሊቃውንት የካፒታል ክምችት የሚሉት ደግሞ በአንድ ወቅት ለምርት አገልግሎት የሚገኘውን ሕንፃ፣ መሣሪያ፣ መንገድና ድልድይ ነው። ሁለቱ በስም ቢመሳሰሉም ዕጣቸው የተለያየ መሆኑን የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ታሪክ በጉልህ ያሳያል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ኮንሴሲዮን ሰጡ። ኩባንያው በ1896 ተቋቋመ፤ ግንባታውም በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ይሁን እንጂ በረሃውና ገደላገደሉ የሚጠይቁት ወጪ ከተዋጣው ገንዘብ በለጠ። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ መግባታቸው ያሳሰበው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ለ50 ዓመታት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ሊሰጥ ተዋዋለ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ሐዲዱ በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በውሉ ስለ ተቆጡ ሥራው ከዚያ እንዳያልፍ ከለከሉ። ወረቀቱን የያዘ መስመሩን እንደሚያዝ ተረድተው ነበርና።

በ1907 ኩባንያው ከሰረ። የባለአክሲዮኖቹ ወረቀት ዋጋውን ሲያጣ፣ 310 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐዲድ ካለበት አልተነቃነቀም። በ1908 የተቋቋመው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ግንባታውን የቀጠለው ከዚያው ሐዲድ ጫፍ ነው። በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

የሐዲድ ሀብት በበኩሉ የራሱ ጠላት አለው። የአክሲዮኑ መጠን በመዝገብ ላይ ሳይለወጥ ሲኖር ሐዲዱ ይሳሳል፤ ድልድዩ ይዝጋል። የእርጅና ቅናሽ የሚመዘገበውም ለዚህ ነው፤ ሆኖም ተቀናሹ ለእድሳት ካልዋለ ሒሳቡ ቢስተካከልም መስመሩ አይድንም። በ1959 በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ የአክሲዮኑ እኩሌታ ባለቤት ሆነች። ነገር ግን አሮጌው መስመር በቂ እድሳት በማጣት እየደከመ ሄደ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2016 በአዲስ አበባ ሲመረቅ አብዛኛው ክፍሉ አገልግሎት አቁሞ ነበር።

እንግዲህ ስለ አንድ ድርጅት ካፒታል ሲነገር ሁለት ጥያቄዎች አብረው ሊነሡ ይገባል፤ አክሲዮኑ በማን እጅ ነው? ሥራ ላይ ያለው ሀብትስ በምን ይዞታ ላይ ይገኛል? የመጀመሪያው መልስ ከመዝገብ ይገኛል፤ ሁለተኛውን ለማግኘት ግን መሐንዲሱ መስመሩን በእግሩ ሊከተል ግድ ነው።