ከማርቢያ ውሃ እስከ ማዕድ፤ የኦይስተር ንጽሕና ኃላፊነት በአሜሪካ እንዴት ተከፋፈለ?

ዛጎል ለበስ ከሆኑት የባሕር እንስሳት አንዱ የሆነው ኦይስተር በአሜሪካና በአውሮፓ ጠረፎች ከጥንት ጀምሮ ለምግብነት ሲውል የኖረ ነው። ይህ እንስሳ እንደ ዓሣ እየዋኘ ምግቡን አይፈልግም። ጥልቀት በሌለው የባሕር ዳር ውሃ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ይኖርና በአጠገቡ የሚያልፈውን ውሃ እያጣራ በውስጡ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ነገሮች ይመገባል። ሁኔታው በተመቸ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ሊያጣራ ይችላል። እንግዲህ ውሃው ንጹሕ ከሆነ እንስሳው ንጹሕ ይሆናል፤ ውሃው የከተማ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን በፍሳሹ ውስጥ ያለው ተሐዋስ በእንስሳው ሆድ ይጠራቀማል። ተመጋቢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ሳያበስል፣ ከነሆድ ዕቃው ነው።

በዚህም ምክንያት የኦይስተር ንጽሕና ጉዳይ የወጥ ቤት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የውሃና የፍሳሽ ማስወገጃ ጉዳይ ነው። ከማዕድ ላይ የቀረበውን ኦይስተር አይቶና አሽትቶ ደኅና መሆኑን ለማወቅ አይቻልም። ማወቅ የሚቻለው ከየትኛው ውሃ እንደ ወጣና ከዚያ በኋላ በማን እጅ እንዳለፈ ብቻ ነው። የአሜሪካ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ይህን የማወቅ ግዴታ እርስ በርስ የተከፋፈሉበት ታሪክ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ሲሆን፣ ኃላፊነት ሲከፋፈል የሚገኘውን ጥቅምም ሆነ የሚከተለውን አደጋ በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኦክቶበር ወር 1894 በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት፣ በሚድልታውን ከተማ በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበራት አዲስ አባሎቻቸውን ለመቀበል የራት ግብዣ አደረጉ። ከግብዣው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች በታይፎይድ መታመም ጀመሩ። ከ20 የሚበልጡ ታመው አራቱ ሞቱ። የዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ኸርበርት ኮን የበሽታውን መንሥኤ ለማግኘት የመጠጥ ውሃውንና ምግቡን አንድ በአንድ ከመረመሩ በኋላ፣ በበሽታው የተጠቁት ከአንድ ነጋዴ የተገዛ ጥሬ ኦይስተር ያቀረቡት ማኅበራት ተጋባዦች መሆናቸውን አረጋገጡ። ኦይስተሩ መጀመሪያ የተለቀመው ጥልቅ ከሆነ የባሕር ውሃ ነበር። ይሁን እንጂ እንዲወፍር ተብሎ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ከወንዝ አፍ ተቀምጦ ነበር። ከዚያም ሥፍራ መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት የአንድ መኖሪያ ቤት የፍሳሽ ቱቦ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር፤ በቤቱም ውስጥ የታይፎይድ ሕሙማን ነበሩ።

የፕሮፌሰሩ ጥናት ለጉዳዩ ሳይንሳዊ መልስ ሰጠ። አስተዳደራዊው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ። ቱቦውን የሚያዘጋው ማን ነው? በወንዙ ውስጥ ኦይስተር እንዳይቀመጥ የሚከለክለውስ? ኦይስተሩ በሌላ ክፍለ ግዛት ለሚገኝ ገበያ ተጭኖ ቢሄድ፣ በዚያ ያለው የጤና ሹም የወጣበትን ውሃ ንጽሕና በምን ያውቃል?

የአሜሪካ ሕግ ለእነዚህ ጥያቄዎች አንድ ወጥ መልስ አልነበረውም። የባሕር ዳር ውሃና በሥሩ ያለው መሬት የክፍላተ ግዛቱ ሀብት ነው። ይህ መሠረታዊ ሐሳብ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸናውም በኦይስተር ምክንያት ነበር። በ1842 በተወሰነው የማርቲንና የዋዴል ክርክር በኒው ጀርሲ በራሪታን ወንዝና ባሕረ ሰላጤ የሚገኘው የኦይስተር መሬት የማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ፍርድ ቤቱ ውሃውና ወለሉ ለሕዝቡ የጋራ ጥቅም በክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ሥር የሚገኙ ናቸው ሲል ፈረደ። በሌላ በኩል፣ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው የሚሻገር ንግድ በፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ሥር ነው፤ በ1906 የወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግም የተመሠረተው በዚሁ ሥልጣን ላይ ነበር። ስለዚህ ውሃው የአንዱ፣ ንግዱ የሌላው ሆነ። ኦይስተር ደግሞ ውሃውን በሆዱ ይዞ የሚጓዝ ሸቀጥ በመሆኑ ሁለቱን ሥልጣኖች ለያይቶ መጠበቅ አልተቻለም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ የታወቀው በ1924 መጨረሻና በ1925 መጀመሪያ በነበረው ክረምት ነው። በኒው ዮርክ፣ በቺካጎና በዋሽንግተን ከተሞች በአንድ ጊዜ የታይፎይድ ወረርሽኝ ተነሣ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎች ሲታመሙ 150 ያህሉ ሞቱ። በሐኪሙ በሌስሊ ላምስደን የተመራው ምርመራ፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የተራራቁትን ከተሞች የሚያገናኛቸው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከሎንግ አይላንድ የተጫነ ኦይስተር መሆኑን አመለከተ። ሕዝቡ ከኦይስተር ሸሸ፤ ገበያውም ወደቀ። በዚህ ጊዜ መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ የጠየቁት የጤና ሹማምንት ብቻ አልነበሩም። ንጹሕ ውሃ የነበራቸው ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ከተበከለው ለይተው ለማሳየት የሚችሉበት ማስረጃ ስላልነበራቸው እነሱም አብረው ጠየቁ።

በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1925 የፌዴራሉ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የበላይ ኃላፊ ሂው ከሚንግ የክፍላተ ግዛቱን ባለሥልጣኖችና የኢንዱስትሪውን ወኪሎች በዋሽንግተን ሰበሰቡ። ጉባኤው የተስማማባቸው ነጥቦች ጥቂትና ግልጽ ነበሩ። የማርቢያው ውሃ በመንግሥት ይመረመር፤ ማዘጋጃ ቤቶቹ ይጎብኙ፤ የአንዱ ሥፍራ ኦይስተር ከሌላው እንዳይቀላቀልና ምንጩ ሁልጊዜ እንዲታወቅ ይደረግ የሚሉ ነበሩ። ከዚህም ጉባኤ በኋላ ዛጎል ለበስ ምግብን የሚመለከተው ብሔራዊ የንጽሕና ፕሮግራም ተቋቋመ።

የሥራው ክፍፍል የሚከተለውን መልክ ያዘ። ክፍላተ ግዛቱ ሕግ ያወጣሉ፤ የማርቢያ ውሃዎችን ያጠናሉ፤ የተከለከሉትን ሥፍራዎች በዘብ ያስጠብቃሉ፤ ለነጋዴው ቁጥር ያለው የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። የፌዴራሉ መንግሥት የእያንዳንዱን ክፍለ ግዛት አሠራር ይገመግማል፤ የተፈቀደላቸውን ላኪዎች ስም ዝርዝር አሳትሞ ለሁሉም ያሠራጫል። ኢንዱስትሪው በበኩሉ ከተፈቀደ ውሃ ብቻ ያወጣል፤ በየከረጢቱና በየዕቃው ላይ የምስክር ወረቀቱን ቁጥር ያኖራል፤ የገዛበትንና የሸጠበትንም ይመዘግባል።

በዚህ አደረጃጀት የፌዴራሉ መንግሥት ማንንም ክፍለ ግዛት በቀጥታ አያዝም። መሣሪያው የስም ዝርዝሩ ነው። የአንድ ክፍለ ግዛት ቁጥጥር ጉድለት ከታየበት የነጋዴዎቹ ስም ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል፤ ስማቸው የሌለውን ሰዎች ሸቀጥ ደግሞ ሌሎቹ ክፍላተ ግዛት አይቀበሉም። መሣሪያው ምን ያህል ጠንካራ እንደ ሆነ በ2012 ታይቷል። በዚያ ዓመት በደቡብ ኮርያ የማርቢያ ውሃዎች የሰው ፍሳሽ እንደሚገባ በመረጋገጡ፣ የአገሪቱ ላኪዎች በሙሉ ከዝርዝሩ ተሠርዘው የኦይስተር ገበያቸው ተቋርጦ ነበር።

ለመሐንዲስ ትኩረት የሚስበው የውሃው አመዳደብ ነው። በፕሮግራሙ ከተያዙት ቀደምት መለኪያዎች በሰፊው የታወቀው፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገኘው የኮሊፎርም ባክቴሪያ መካከለኛ ቁጥር ከ70 እንዳይበልጥ የሚያዘው ነው። በኋላም ከዓይነ ምድር የሚመጣውን ኮሊፎርም ለይቶ የሚያሳይና ጣሪያው 14 የሆነ መለኪያ ተጨመረ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። የክፍለ ግዛቱ ባለሙያዎች በባሕሩ ዳር ያሉትን የፍሳሽ ምንጮች በእግር ተጉዘው ይመዘግባሉ፤ ዝናብ፣ ነፋስና የባሕር ሞገድ ፍሳሹን ወዴት እንደሚወስዱት ያጠናሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ከማጣሪያ ጣቢያ በሚወጣው ውሃ ቀለም ጨምረው ስርጭቱን ይከታተላሉ። በውጤቱም ውሃው የተፈቀደ፣ በሁኔታ የተፈቀደ፣ የተገደበ ወይም የተከለከለ ተብሎ ይመደባል። በሁኔታ የተፈቀደው ውሃ ከተወሰነ መጠን በላይ ዝናብ ሲዘንብ ወይም የማጣሪያ ጣቢያው ሥራ ሲስተጓጎል ወዲያውኑ ይዘጋል። በመሆኑም የማጣሪያ ጣቢያው ተረኛ ሠራተኛ የሚያስተላልፈው የስልክ መልእክት ምግብን የመጠበቅ ሥራ አንድ ክፍል ነው።

ይህ ሥርዓት ታይፎይድን በመከላከል ረገድ መልካም ውጤት አስገኘ። ይሁንና በ1961 አዲስ ፈተና ገጠመው። በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ከፓስካጉላ የወጣ ኦይስተር፣ እንዲሁም ከራሪታን ባሕረ ሰላጤ የወጣ ክላም የተባለ ዛጎል ለበስ፣ በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለውን የጉበት ሕመም በብዙ ሰዎች ላይ አስከተሉ። በ1842 የማን ነው ተብሎ የተከራከሩበት የራሪታን ውሃ አሁን ማን ሳይጠብቀው ቀረ የሚል ጥያቄ አስነሣ። የበሽታው መንሥኤ ቫይረስ በመሆኑ ባክቴሪያ በመቁጠር ላይ ብቻ የተመሠረተው መተማመን ተናጋ፤ የፍሳሽ ምንጮችን በቅርብ የማወቁም ግዴታ ጠነከረ።

በ1968 የፌዴራሉ ኃላፊነት ከሕዝብ ጤና አገልግሎት ወደ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተዛወረ። በ1975 አስተዳደሩ በፈቃድ ላይ የቆመውን ስምምነት በአስገዳጅ ደንብ ለመተካት ረቂቅ አወጣ። ክፍላተ ግዛቱና ኢንዱስትሪው አጥብቀው በመቃወማቸው ደንቡ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ1982 ክፍላተ ግዛቱ የራሳቸውን የጋራ ጉባኤ አቋቋሙ፤ በ1984ም አስተዳደሩ ከጉባኤው ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። ከዚያ ወዲህ የፕሮግራሙ መመሪያ የሚሻሻለው ክፍላተ ግዛት ድምፅ በሚሰጡበት በዚህ ጉባኤ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የራሱን የሕግ ሥልጣን ያጠናከረው በ1995 ባወጣውና በ1997 በሥራ ላይ በዋለው የባሕር ምግብ ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ አዘጋጆች መለያ ካርድ የሌለውን ዛጎል ለበስ እንዳይቀበሉ ያዛል።

ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም በየድርሻቸው ገብተዋል። የ1972 የንጹሕ ውሃ ሕግ ወደ ባሕር የሚለቀቀውን ፍሳሽ በፈቃድ ሥር ሲያደርግ፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሳይታወቅ የኦይስተር ጠባቂ ሆነ። ከክፍላተ ግዛት የባሕር ወሰን ውጭ ያለው ውሃ ደግሞ በፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አገልግሎት እጅ ነው። በ1990 ከኒው ኢንግላንድ በስተምሥራቅ በሚገኘው ጆርጅስ ባንክ ሰውነትን የሚያሰልል የባሕር መርዝ በመታየቱ፣ አገልግሎቱ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጥያቄ ሥፍራውን ዘጋ። ከፊሉ በ2013 የተከፈተው መርከበኞቹ ራሳቸው በባሕር ላይ ናሙና የሚመረምሩበት ዘዴ ተፈትኖ ከጸደቀ በኋላ ነው።

የክፍፍሉ ድክመት በግልጽ የታየው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ኦይስተር ላይ ነው። ቪብርዮ ቩልኒፊከስ የተባለው ባክቴሪያ ከፍሳሽ የሚመጣ ሳይሆን በሞቃት የባሕር ውሃ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ነው። የጉበት ሕመም ያለበትን ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ውሃው በፍሳሽ ያልተበከለ ስለሆነ የተፈቀደ ተብሎ ይመደባል፤ ካርዱም በትክክል ይሞላል፤ ሰው ግን ይሞታል። በ2001 የክፍላተ ግዛቱ ጉባኤ በሽታውን ለተመጋቢዎች ማስጠንቀቂያ በመስጠትና በመሳሰሉት ዘዴዎች በ60 በመቶ ለመቀነስ ግብ ቢያወጣም ከግቡ አልደረሰም። በ2003 የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ከዚያ ባሕረ ሰላጤ የሚወጣ ጥሬ ኦይስተር ባክቴሪያውን በሚያጠፋ ዘዴ ካልተዘጋጀ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ በግዛቱም ሞት በእጅጉ ቀነሰ። በ2009 ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመሳሳይ ግዴታ በመላው አገሪቱ ለማዋል ማሰቡን ሲያስታውቅ፣ የባሕረ ሰላጤው ክፍላተ ግዛትና አምራቾች መተዳደሪያችን ይጠፋል ብለው ተነሡ። አስተዳደሩ በሳምንታት ውስጥ ዕቅዱን አዘገየ። ተመጋቢውን የመጠበቅ ሥልጣን ለብዙዎች ሲከፋፈል፣ እንቢ የማለትም ሥልጣን አብሮ ተከፋፍሎ እንደ ነበር በዚህ ታወቀ።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ከላይ ሲታይ የአሜሪካው አሠራር ብዙ ባላ የተተከለበት ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን አብዛኛው ክፍል ባላ ሳይሆን ሰንሰለት ነው። ውሃውን የሚያጠናው ቢሳሳት ካርዱን የሚጽፈው አያርመውም፤ ዘቡ ቢተኛ ዝርዝሩን የሚያሳትመው አያየውም። እውነተኛው ሁለተኛ ባላ የፌዴራሉ ገምጋሚ የክፍለ ግዛቱን ሥራ በቦታው ተገኝቶ ዳግመኛ የሚመረምርበት ነው። ሌላው ደግሞ ምግብ ቤቱ ከረጢቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ለ90 ቀን እንዲያቆየው የሚገደደው መለያ ካርድ ነው።

ያ ካርድ የለቀመውን ሰው፣ ቀኑንና ውሃውን ይናገራል። በ1925 ላምስደንና ባልደረቦቻቸው ከሕሙማኑ አልጋ ተነሥተው የማርቢያውን ውሃ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። ዛሬ አንድ የጤና ሹም ያንኑ መንገድ በአንዲት ካርድ ወደ ኋላ ተከትሎ ለመድረስ፣ ውሃውንም ሌላ ሰው ሳይታመም ለማዘጋት ይችላል። የብዙ መሥሪያ ቤቶች የጋራ ኃላፊነት ማንም የማይጠየቅበት እንዳይሆን የሚያደርገው፣ እያንዳንዱ ስሙን ጽፎ ለሚቀጥለው የሚያስረክብበት ይህ አሠራር ነው።